ክራሩ ዲስቶርሽን ስር ለምን ይጠፋል? ስለ «ሳቬጅ ሲኑሶይድ» ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄው ሲያጥር እንዲህ ነው፦ «ጓደኛዬ የፈረንሳዩን የኢጎርን ሳቬጅ ሲኑሶይድ አልበም አሰማኝና ሦስት ቀን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ። ኦፔራው፣ አኮርዲዮኑ፣ ሃርፕሲኮርዱ (ፒያኖ የሚመስለው የድሮ መሳሪያ) ሁሉ ከኮምፒውተር የተለቀመ ሳምፕል ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው? እኔ ኤሌክትሪክ ጊታር እጫወታለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ክራር ይመታል። እንደዛ ዓይነት ነገር በክራር ልንሰራ ሞከርን፣ ግን ጊታሩ ላይ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረው) ሲገባ የክራሩ ድራሽ ይጠፋል፣ ስጨምረው ደሞ ይጮሃል እንጂ ዜማው አይሰማም። ኢኪው ላይ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ፕለጊን ልግዛ ወይስ ሌላ ክራር? በገናም ብናስገባ ብለን አስበናል።»

ፕለጊንም (ኮምፒውተር ላይ የሚጨመረውን የድምፅ ማስተካከያ) አትግዛ፣ ክራርም አትግዛ። ችግርህ ያለው ቅንብሩ (ማን መቼ ምን ይጫወታል የሚለው) ላይ ነው፣ ሚክሱ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠኑ) ላይ አይደለም፣ ቅንብር ላይ የተበላሸን ነገር ደሞ ኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ማስተካከያው) አያድነውም፣ ውሃ የበዛበት ወጥ ላይ በርበሬ እንደመጨመር ነው፣ በርበሬውም አለ ውሃውም አለ ወጡ ግን የለም። ሁለት ሳምንት የበላብህ እሱ ነው። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ከአልበሙ የወሰድከው ትምህርት የተገላቢጦሽ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ማቃናት አለብኝ።

የሳምፕሉ (ከሌላ ቀረጻ ተቆርጦ የሚወሰድ ድምፅ) ወሬ እውነትነት አለው፣ ግን ከሱ በፊት የነበሩት አልበሞች እውነት ነው። ኢጎር (በራሳቸው ፊደል መጨረሻው ላይ ሦስት ር አለው፣ እኔ እዚህ ብጽፈው ሞተር ሳይክል ሲነሳ ስለሚመስል አንዱን ብቻ ትቻለሁ) በመሰረቱ ጎቲዬ ሴር የሚባል የአንድ ፈረንሳዊ ፕሮጀክት ነው። እስከ 2012ቱ ሃሌሉያ ድረስ በነበሩት ስራዎቹ ሳምፕል ይጠቀም ነበር፣ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው የምጠራው። ሳቬጅ ሲኑሶይድ ላይ ግን ሳምፕል እንደሌለ፣ የምትሰማው ድምፅ ሁሉ ለዚሁ አልበም ተብሎ በሰው እጅና ጉሮሮ እንደተቀዳ ራሱ ሲናገር ቆይቷል፣ ስራው አራት ዓመት ገደማ የፈጀውም ለዛ ነው። ጁን 2017 ሜታል ብሌድ በሚባል አሳታሚ በኩል ወጣ፣ 11 ዘፈን፣ ወደ 40 ደቂቃ። ኦፔራ ያልከው ድምፅ የሎር ለ ፕሩነኔክ ነው፣ ጩኸቱም ጉርምርምታውም የሎራን ሉኗር፣ ከበሮው የሲልቫን ቡቪዬ፣ ካትል ዲካፒቴሽን የሚባለው የአሜሪካ ባንድ ድምፃዊ ትራቪስ ራያንም በእንግድነት አለበት። የግጥሙን ትርጉም ፍለጋ ግን አትድከም፣ አብዛኛው ቋንቋ አይደለም፣ ድምፁን እንደ አንድ መሳሪያ ነው የተጠቀመበት።

ኮምፒውተሩ የሚገባው ከቀረጻው በኋላ ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ የተቀዳውን ይቆርጣል፣ እንደ ሥጋ ቤት ሰው፣ ይሄን ከዚህ ይሄን ከዛ፣ ከበሮውን በጣም ትንንሽ አድርጎ ይከትፍና መልሶ ይገጣጥመዋል። (የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ በፈረንሳይኛ «ሥጋ» ማለት ነው፣ ታስቦበት ይሁን አይሁን ባላውቅም ሳቄን አመጣው።) ይሄ የከበሮ አከታተፍ ብሬክኮር ከሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ስልት የመጣ ነው፣ እሱም ዘሩ ሲቆጠር 1969 ላይ ዊንስተንስ የሚባል የአሜሪካ ሶል ባንድ የቀዳው የጥቂት ሰከንድ የከበሮ ሶሎ ጋር ይደርሳል፣ ያቺን ቁራጭ ስንቱ እንደቆራረጣት እግዜር ይቁጠረው። ስለዚህ «ሰው ነው ወይስ ኮምፒውተር» ለሚለው ጥያቄህ መልሱ ሁለቱም ነው፣ ግን በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ሰው በደንብ ይጫወታል፣ ከዛ ቢላዋ። ቅደም ተከተሉን ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው መቃናት ያለበት ነገር ደሞ ይሄ ነው። አልበሙን ስትሰማ «ሁሉንም ባንድ ላይ ደባልቆት አሪፍ ሆነ» ብለህ ነው የተረዳኸው፣ ከዛ ክራርና ዲስቶርሽን ጊታር ባንድ ላይ ለቀቃችሁ። አልደባለቀም። አንድ ምሽት ወረቀት ይዘህ ቁጭ በልና ሃርፕሲኮርዱ ወይም አኮርዲዮኑ ከሙሉ የጊታር ግድግዳ ጋር እኩል የሚጮሁበትን ሰከንድ ቁጠር፣ ካሰብከው በጣም ያነሰ ታገኛለህ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ («እግዜር» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተገልብጦ የተጻፈበት) መጀመሪያ ሃርፕሲኮርዱና የሎር ድምፅ ብቻቸውን ናቸው፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ የገባህ ነው የሚመስልህ፣ ከዛ ጣሪያው ይወርድብሃል። «ፈረስ» የሚለው ዘፈን ላይ አኮርዲዮኑ የፓሪስ ካፌ ዳንስ እየመሰለ ይመጣና ሜታሉ (ከባዱ የሮክ ዓይነት) ቦታውን ይነጥቀዋል። ተራ በተራ ነው። ጆሮህ ግን የቅድሙን ትዝታ ይዞ ስለሚቀጥል አብረው የተጫወቱ ይመስለዋል። ያስደነገጠህ ሽግግሩ ነው፣ አንተ ድብልቅ ብለህ ሰማኸው።

በነገራችን ላይ ክላሲካልና ሮክን ማገናኘት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ዲፕ ፐርፕል 1969 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ተጫውቷል፣ የስዊዘርላንዱ ባንድ ሴልቲክ ፍሮስት 1987 ላይ ጨለማውን ሜታል ከቫዮሊንና ከጥሩንባ ጋር አጋጥሞ «አቫንጋርድ» (ከተለመደው የወጣ) የሚለው ቃል ለሜታል ከዛ ጊዜ ጀምሮ ተለጠፈ፣ ሜታሊካ 1999 ከሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ ጋር ሁለት ምሽት ሰርቷል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔ ግን ብዙ ቦታ ላይ ኦርኬስትራው ከላይ የተነሰነሰ ስኳር ሆኖብኛል፣ ባንዱ ያው የሚጫወተውን ይጫወታል፣ ቫዮሊኖቹ ከላይ ይንሳፈፋሉ፣ ጊታሩ ሲከፍት ይጠፋሉ። ይሄ ያንተ ችግር ነው፣ ያውም መቶ ሰው አካባቢ መድረክ ላይ ወጥቶ። ስለዚህ አትፈር።

አሁን ክራሩ ለምን እንደሚጠፋ። ዲስቶርሽን ስታበራ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ቀስ ብለህ የመታኸውና በኃይል የመታኸው እኩል ይሆናሉ፣ ድምፁ ይጨመቃል፣ ቶሎም አይሞትም፣ ገመዱን አንዴ ነክተህ ሻይህን ፉት ብለህ ስትመለስ እዛው እያለ ታገኘዋለህ። ሁለተኛ፣ ከአንዱ ድምፅ ላይ ብዙ ቅርንጫፍ ድምፆች ይፈላሉ፣ ከወፍራሙ ጀምሮ እስከ አራትና አምስት ሺህ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ድረስ ያለው ቦታ በሙሉ ይሞላል። ክራር ደሞ ተቃራኒው ነው። የክራር ድምፅ ማለት የመነካቱ ቅጽበት ነው፣ ጠብ ይልና ይከስማል፣ ዜማው ያለው ግን እዛች የምትከስመዋ ጭራ ላይ ነው። ጊታሩ ጭራዋን ሙሉ በሙሉ ይውጣትና የሚተርፍልህ ጫፉ ብቻ ነው፣ የጥፍሩ «ጭክ»። ድምፁን ስትጨምር የምትጨምረው ጭክታውን ነው፣ «ይጮሃል እንጂ ዜማው አይሰማም» ያልከው ልክ ይሄው ነው፣ ጆሮህ ጤነኛ ነው።

እንግዲህ ሃርፕሲኮርዱስ እንዴት ተረፈ ትለኝ ይሆናል፣ እሱም እኮ ገመድ እየቆነጠረ ነው የሚጮኸው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ ይሄን አልበም የምወድበት ዋና ምክንያትም እዚህ ጋር ነው። ሃርፕሲኮርድ ፒያኖ ይመስላል እንጂ ፒያኖ አይደለም፣ ፒያኖ ገመዱን በመዶሻ ይመታል፣ ሃርፕሲኮርድ ግን ድሮ ከላባ ግንድ በሚሰራ ትንሽ ጥፍር ይቆነጥራል፣ እና ቁልፉን ብትዳስሰውም ብትደበድበውም የድምፁ መጠን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ ከጊታር ዲስቶርሽን ጋር አንድ ጠባይ አለው፣ ሁለቱም ጮክ ዝቅ ማለት አያውቁም። ታዲያ የባሮክ ዘመን (ሃርፕሲኮርድ የነገሠበት የድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን) ሰዎች ስሜት ሲፈልጉ ምን አደረጉ? ኖታውን አበዙት። ፈጣንና ጥቅጥቅ ያለ ኖታ፣ ከዛ ድንገት ባዶ። ሜታልም የሚያደርገው እሱን ነው። ሁለቱ የሚግባቡት በታሪክ ተዛምደው ሳይሆን ሁለቱም አንድ ነገር ስለጎደላቸው ነው። ክራር ይሄ ጉድለት የለበትም፣ የአክስትህ ልጅ በጣት ጫፍ ሲነካና በመምቻ ሲገርፍ ሁለት የተለያየ ዓለም ነው። ስለዚህ እንደ ሃርፕሲኮርድ ልታስኬደው ከፈለግክ በግርፍ ነው፣ በግራ እጅ የማይፈለጉትን ገመዶች እያፈነ ቀኙ በፍጥነት እየገረፈ። ድርድሩን (በጣት እየነኩ መጫወቱን) ግን ጊታር ባለበት ቦታ ላይ አታስጠጋው፣ ያለ ጥቅም ትገድለዋለህ።

ጊታሩን ደሞ ዝም ማሰኘት መልመድ አለብህ፣ ይሄ ለጊታሪስት ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ጊታሪስት ነበርኩ። ፓልም ሚውት ማለት መዳፍህን ድልድዩ አጠገብ አስደግፈህ ገመዱን አፍነህ መምታት ነው፣ «ጁግ ጁግ» የሚለው። በአንዱ ጁግና በሚቀጥለው መሃል ያለችው ክፍተት ናት የክራሩ ቤት። ሪፍህን (የሚደጋገመውን የጊታር ሐረግ) ስትጽፍ ጁጎቹን አትቁጠር፣ ክፍተቶቹን ቁጠር፣ የክራሩን ኖታ ክፍተቶቹ ላይ አስቀምጥ። እንዲህ ስታደርግ ክራሩን ምንም ሳትጨምረው ብድግ ሲል ትሰማዋለህ።

ከዚህ በላይ ደሞ የኖታ ጉዳይ አለ፣ እዚህ ጋር ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ዲስቶርሽን ላይ ሙሉ ኮርድ (ባንዴ የሚመቱ ኖታዎች) አይመታም፣ ሥሩን፣ ማለትም ኮርዱ የሚነሳበትን ኖታ፣ እና ከሱ አምስተኛውን ብቻ ነው፣ ፓወር ኮርድ የሚባለው። ምክንያቱ ሦስተኛው ኖታ ሲጨመር ድምፆቹ ዲስቶርሽኑ ውስጥ እርስ በርስ ተባዝተው ጭቃ ስለሚፈጥሩ ነው። ጊታር ላይ ደሞ አምስተኛው ኖታ ከተፈጥሮው ንጹሕ ድምፅ የሚለየው በሁለት ሴንት ብቻ ነው (ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ መቶኛ)፣ ሜጀር ሦስተኛው ግን በ14 ሴንት ይለያል፣ እሱ በጆሮ ይታወቃል። ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ በቱነር የቃኘ እንኳን መጨረሻ ላይ በጆሮው ያስተካክለዋል፣ እና ሦስተኛዋን እንደ ዘፋኙና እንደ ሰፈሩ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል። ጊታሩ ሦስተኛውን ከመታ ሁለቱ ይጣላሉ፣ ጥሉም ዲስቶርሽን ውስጥ እንደ ንብ ይሰማል። ጊታሩ ሥርና አምስተኛ ላይ ከቆመ ግን ሦስተኛዋ የክራሩ ብቻ ትሆናለች። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ተመልከት፦ ትዝታው ሜጀር ይሁን ማይነር የሚወስነው ክራሩ ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ግድግዳ የሚያክል ጊታር ቆሞ፣ ፊቱ ይፍካ ወይስ ይጥቆር የሚለውን የምትወስነው አንዲት ቀጭን ገመድ ናት። ከዚህ የተሻለ ለክራር ቦታ እኔ አላውቅም።

ከቅኝቶቹ የቱ ይሻላል ካልከኝ ለመጀመሪያ ስራ አምባሰል ነው፣ አትከራከረኝ። ከዶ ስትነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ውስጡ ሦስት ፓወር ኮርድ ሳትለፋ ታገኛለህ፣ ዶ ከሶል፣ ሬ ፍላት ከላ ፍላት፣ ፋ ከዶ። ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያለችው የግማሽ ድምፅ እርምጃ ደሞ የሜታል ባንዶች እስኪሰለች ድረስ የኖሩባት እርምጃ ናት፣ ጊታርህ ከአምባሰል ጋር ሳይተዋወቅ ዘመድ ነው። ጊታሩ ሬ ፍላት ላይ ሲቆም ክራሩ ፋን ይንካ፣ ጊታሩ ፋ ላይ ሲሄድ ክራሩ ላ ፍላትን፣ ያኔ ቅድም ያልኩህን ታያለህ። ትዝታና ባቲም ይሰራሉ፣ ግን ትዝታ ሜጀር ከዲስቶርሽን ጋር ሲሆን ካልተጠነቀቅክ የማስታወቂያ ሙዚቃ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

አንቺሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። አየህ፣ ሶል የለም። ሥሩ ላይ ፓወር ኮርድ ከመታህ ጊታሩ ሶል ያወጣል፣ ክራሩ ሶል ፍላት፣ ያን ጊዜ የአክስትህ ልጅ ክራሩን ሰብሮ ቢሄድ አልፈርድበትም። መውጫው ፋ ከዶና ሶል ፍላት ከሬ ፍላት ላይ መመላለስ፣ ሥሩ ላይ ሲደረስ ጊታሩ አንድ ነጠላ ኖታ ብቻ መያዝ ነው። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት ደሞ ያ የታወቀው ሦስት ሙሉ ድምፅ ነው፣ ብላክ ሳባዝ 1970 የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱበት አስፈሪ ርቀት፣ ሜታል የሚባለው ነገር ከዛ ነው የተነሳው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንቺሆዬ ሲሳካ ከሁሉም በላይ ነው፣ ሲበላሽም ከሁሉም በላይ ነው። ሦስተኛ ወይ አራተኛ ስራችሁ ይሁን።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ግድግዳው ላይ ፍራሽ የተለጠፈበት አንድ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ማሲንቆና ሁለት ጊታር ስንቀዳ፣ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ማሲንቆው እንዳይጠፋ ኮምፕረሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ) አስሬበት፣ ጫፉን አድምቄበት፣ ምናምን አድርጌ አሰማኋቸው። ሽማግሌው ባለ ማሲንቆ ሄድፎኑን አውልቀው ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ይቺ የማን ናት?» አሉኝ። የእሳቸው መሆኗን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እልህ ይዞኝ እንደገና እንቅዳ አልኩ፣ መሃል ላይ ሁለቱ ጊታሮች በሙሉ ኃይል እያሉ መብራት ሄደ። የጊታሮቹ ድምፅ ማጉያዎች ባንዴ ሞቱ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ይሁን ወይ ስላልገረማቸው አላቆሙም፣ ጨለማው ውስጥ ማሲንቆዋ ብቻ ቀረች፣ የጭራው ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ስለነበር ቀረጻውም አልተቋረጠም። መብራቱ ሲመጣ ያቺን ቦታ መልሰን ሰማናት፣ ከዛ በኋላ ማንም ስለ ኮምፕረሰር አላወራም። ዘፈኑ ላይ እንዳለች ተዋት አሉ፣ ተውናት። ሳቬጅ ሲኑሶይድን ስሰማው የገባኝ ያቺ መብራት ስለነበረች ነው፣ ጎቲዬ መብራቱን ራሱ እያጠፋ እያበራ ነው የሚሰራው።

ስለ ቅኝት ከፍታ አጭር ነገር፦ ክራሩን ለጊታሩ አታስገድደው፣ ጊታሩን ለክራሩ አስገዛው። ክራር ገመዱ የሚወደው ውጥረት አለው፣ ከሱ ካስወጣኸው ወይ ይላላል ወይ ይበጠሳል። ጊታር ግን ግማሽ ወይም አንድ ድምፅ ዝቅ ቢል ቅር አይለውም፣ እንዲያውም ለሜታል ዝቅ ማለቱ ይጠቅማል። ወፍራሟ ገመድ በተለመደው ቅኝት 82 ኸርዝ ላይ ናት፣ ወደ ዶ ብታወርዳት 65 ትደርሳለች፣ ያኔ ጊታሩ ከክራሩ ራቅ ብሎ ታች ቤት ይሰራል። ወፍራም ገመድ ቀይርለት፣ በቀጭኑ ካወረድከው እንደ ልብስ ማስጫ ነው የሚሆነው። ባሮክ የሚጫወቱ ሰዎችም ላ የምትባለዋን ኖታ ብዙ ጊዜ 415 ኸርዝ ላይ ነው የሚያደርጓት፣ የዛሬው መደበኛ 440 ነው፣ ልዩነቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። ግማሽ ድምፅ የወረደ የሜታል ጊታርና የባሮክ ሃርፕሲኮርድ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ለምንም አይጠቅምህ ይሆናል ግን ደስ ይለኛል።

በገናውን ተወው። ሁለት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው የድምፅ ነው፦ በገና ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው ከአሥሩ ገመዶች ስር ድልድዩ ላይ ከሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች፣ ከእንዚራዎቹ ነው፣ ገመዱ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ማለትም በገና የራሱን ዲስቶርሽን ይዞ ነው የተወለደው፣ ያውም ታች ቤት። ከጊታርህ ጋር አንድ ቦታ ላይ ስለሚቀመጡ ኤሌክትሪኩ ያሸንፋል፣ የሚቀርልህ የበገና ስም ብቻ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ያው ታውቀዋለህ፣ በገና ለብዙ ሰው መሳሪያ ሳይሆን ጸሎት ነው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቤቱ የሚሰማበት ምክንያት አለ። አትችልም አላልኩህም፣ ሕግ የለም። ግን የመጀመሪያ ስራችሁ ላይ ሰው ስለ ሙዚቃችሁ ሳይሆን ስለ ድፍረታችሁ ነው የሚያወራው፣ እናንተም ደርዳሪ የላችሁም። ያ የሚነዝር ድምፅ ካማራችሁ ክራሩ ድልድይ ላይ ትንሽ ወረቀት ወይም ቆዳ አስገብታችሁ ሞክሩ፣ ለአንድ ክፍል ብቻ።

ጩኸቱን ማን እንደሚሰራው አልጻፍክም፣ አንተ ከሆንክ ግን ከዩቲዩብ ላይ አይተህ ዛሬውኑ አትጀምር። በደንብ የሚጮሁት ሰዎች የሚያሻክሩት ዋናዎቹን የድምፅ አውታሮች ሳይሆን ከነሱ በላይ ያሉትን ሐሰተኛ የሚባሉትን እጥፋቶች ነው፣ ትንፋሹም ከሆድ ነው፣ ውጤቱ ከማይኩ ውጪ ስትሰማው ከምትጠብቀው በታች ነው የሚጮኸው። ካመመህ ወይም ካሳለህ ስህተት ነው፣ እዛው አቁም፣ ማር በሎሚ ጠጥቶ መቀጠል መፍትሔ አይደለም፣ ድምፅህ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ጎርንኖ ከቀረ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ስለ ጆሮም እንደዚሁ፣ ይሄን አልበም በሄድፎን ሦስት ቀን ሰማሁ ብለሃል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው 80 ዲሲቤል ላይ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ 90 ላይ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ሚክስ ስታደርግ ዝቅ አድርገህ ስማ፣ ክራሩ በዝቅተኛ ድምፅ ከተሰማ በከፍተኛም ይሰማል፣ ተቃራኒው ግን አይሰራም።

ኢኪው የሚመጣው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ብዙም ስራ አይኖረውም። ጊታሩን ሁለቴ ቀድተህ አንዱን ሙሉ ግራ አንዱን ሙሉ ቀኝ ጣለው፣ ክራሩ መሃል ብቻውን ይቁም። ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) አሁን ካለበት ግማሽ አድርገው፣ ቤት ውስጥ ብቻህን ስትጫወት የሚያምርህ ጌይን ቀረጻ ላይ ሁሌም ይበዛል፣ ይሄን አምነህ ለመቀበል ዓመታት ይፈጃል፣ እኔን ፈጅቶብኛል። ከጊታሩ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥለት (ወደ ዶ ካወረድከው 60 ላይ)፣ ከ2 እስከ 4 ሺህ ባለው ላይ ሦስት ዲሲቤል ያህል ዝቅ አድርገው፣ በቃ። ክራሩ ላይ ማይክ ጨምር፣ ፒክአፕ (መሳሪያው ላይ የሚለጠፈው ድምፅ መቀበያ) ብቻውን ከሆነ ቆዳውም እንጨቱም አይሰማም፣ ጭክታው ብቻ ነው የሚገባው። ጥሩ ማይክ ከሌለህ የቸገረው ሰው ስልክ ላይ ይቀዳል፣ ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እሱም ከመጥፎ ስቱዲዮ ይሻላል።

ገደቡንም ልንገርህ፣ ይሄን ሁሉ አድርገህም የጊታሩ ግድግዳ በሙሉ ተከፍቶ የክራር ድርድር ከነጭራው ጥርት ብሎ አይሰማም። አይሆንም፣ የትኛውም ፕለጊን አያደርገውም። የአልበሙ ሰዎች እንኳን ያላደረጉትን ነው እናንተ ለማድረግ ሁለት ሳምንት የፈጃችሁት። ደሞ አልበሙን ለመኮረጅ ከተነሳችሁ የምትኮርጁት ውጤቱን ነው፣ ጎቲዬ ቢላዋውን የሚያነሳው ሰው በደንብ ተጫውቶ ከተቀዳ በኋላ መሆኑን አትርሳ። እሱን አሁን ተውት፣ ከፈለጋችሁ ያው ጎቲዬ ከሎር ጋር የሰራውን ኮርፖ ሜንቴ የሚባለውን ፕሮጀክት ስሙ፣ ሜታሉ ቀለል ያለ ስለሆነ መሳሪያዎቹ እንዴት ቦታ እንደሚለቃለቁ በግልጽ ይሰማል። የ2020ውን ስፒሪችዋሊቲ ኤንድ ዲስቶርሽንም ስሙ፣ አከፋፈቱ በዑድ (የዓረቦች ባለ ገመድ መሳሪያ) ነው፣ ዑድ ለክራር ከሃርፕሲኮርድ ይልቅ የቅርብ ጎረቤት ስለሆነ ከሱ የምትሰርቁት ይበዛል።

የምታደርጉት እንዲህ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻ የሆነ ስራ፣ በአምባሰል። መጀመሪያ የአክስትህ ልጅ ክራሩን ብቻውን፣ ጊታር እንደሌለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቅዳ፣ ጥሩ እስኪሆን ድረስ፣ ሃያ ጊዜም ከሆነ ሃያ ጊዜ። አንተ እሱን ይዘህ ሂድና ጊታሩን ክራሩ በተወው ቦታ ላይ ብቻ ጻፍ። አብረው የሚሆኑበት አንድ ቦታ ፍቀድ፣ ከስምንት ባር (የምት ክፍል) አይበልጥ፣ እዛ ላይ ክራሩ በግርፍ ጊታሩ በፓልም ሚውት ይሁኑ። ጊታሩ ከሚቆምባቸው ቦታዎች ቢያንስ አንዱ ላይ ምንም ማለስለሻ ሳታደርግ ድርቅ አድርገህ ቁረጠው፣ ልክ መብራት እንደሄደ። ክራሩ እዛ ጋር ምን ይዞ እንደሚገኝ ከአሁኑ ንገረው፣ ባዶ እጁን እንዳይያዝ።